ዘጠና አንደኛው ቀን

ረፋድ አራት ሰዓት ተኩል ላይ የባንኩ አዳራሽ ጢም ብሏል። ወረፋ ቁጥር የያዘው ስክሪኑ ላይ አፍጥጧል፣ ወንበር ያጣው ግድግዳ ተደግፏል። ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ገንዘብ ከፋይ የብር እስሩን ማሽን ላይ አስቀምጣ ስታስቆጥር ጡቷ ሲወጠር ይሰማታል። ልጇን ያጠባችው ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ከወረፋተኞቹ አንዷ ያዘለችው ሕፃን ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያለቅስ ሸሚዟ ይረጥባል፤ ሹራቧን ትደርብበታለች። የገንዘብ ሳጥን ክፍት ትቶ መነሳት ክልክል ነው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ መጸዳጃ ቤት ትገባና ጥቂቱን ላቫንዲኖው ላይ ጨምቃ ታፈሰዋለች፤ ውጥረቱ ረገብ ሲልላት ወደ መስኮቷ ትመለሳለች።

ከወሊድ ፈቃድ የተመለሱ ብዙ የከተማ እናቶች ይህን ቀን ያውቁታል። አስተማሪዋ በክፍለ ጊዜ መሃል፣ ነርሷ በተረኛ ክፍል፣ ሰፊዋ በፋብሪካ መስመር ላይ ታሳልፈዋለች።

ብዙም ሳይቆይ ቤት ውስጥ ወሬው አንድ ይሆናል፤ ወተቷ ቀነሰ። እናቷ አጥሚት ታፈላለች። ጎረቤት አብሽ ዘፍዝፋ፣ መራራውን ውኃ ደጋግማ ደፍታ፣ በማር መትታ ታመጣለች። የባሏ እህት ተልባ ትላለች፣ የሥራ ባልደረባዋ ከዱባይ የሚመጣ ሻይ ትጠቁማለች፣ ፋርማሲ ዘመድ ያለው ደግሞ ኪኒን እንዳለ ሰምቷል። ሁሉም የሚያወሩት ወደ እናትየዋ ሆድ ስለሚገባው ነው። ከጡቷ በቀን ስንት ጊዜ ወተት እንደሚወጣ የሚጠይቃት የለም። የወተቷ ዕጣ ግን የሚወሰነው በዋናነት በዚያ ነው።

ከብት ያረባ ሰው ይህን ለመረዳት ሐኪም አያሻውም፤ ሳትታለብ የሰነበተች ላም ትነጥፋለች። የሰው ጡትም ከዚህ ሕግ ብዙ አይርቅም። የእንግዴ ልጁ ሲወጣ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን በፍጥነት ይወርድና እንገሩን ተከትሎ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ገደማ፣ ወተቱ ሞልቶ ይመጣል። ይህ የመጀመሪያው ሙላት የሆርሞን ሥራ ስለሆነ ልጁ ቢጠባም ባይጠባም ይመጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን በጥቢው ላይ የተንጠለጠለ ነው። ልጁ ሲጠባ ከአንጎል ሥር ያለች አነስተኛ ዕጢ ፕሮላክቲን ትለቅቃለች፤ ወተት የሚያሠራው እሱ ነው። ኦክሲቶሲን ደግሞ የተሠራውን ወደ ጫፉ ይገፋዋል፤ ባንክ ቤት ውስጥ የሰው ልጅ ሲያለቅስ ሸሚዝ ያረጠበው እሱ ነው። ከሁለቱ ሌላ ብዙም የማይወራለት ሦስተኛ ነገር አለ። ጡት ውስጥ ተጠራቅሞ የቆየ ወተት ራሱ ምርቱን ያዘገያል። ጡት በሞላ ቁጥር ሥራው ይቀዘቅዛል፣ ወተቱ በወጣለት ቁጥር ይፈጥናል።

በምዕራብ አውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲ ከፒተር ሃርትማን ጋር የሠሩ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጉዳይ በሚዛን እየለኩ ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ከአንድ እስከ ስድስት ወር ዕድሜ ያላቸው፣ ጡት ብቻ የሚጠቡ ሕፃናት በቀን በአማካይ 788 ግራም ወተት ይወስዱ ነበር። አማካዩ ግን ሰፊ ልዩነት ይሸፍናል፤ ትንሹ 478፣ ትልቁ 1,356 ግራም ነበር። ሌላም ግኝት አላቸው። ሕፃናቱ በአንድ ጥቢ የሚወስዱት ጡቱ ከያዘው ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ብቻ ነው። «ጡቴ ባዶ ነው» የምትል እናት ጡት ውስጥ ብዙ ጊዜ ገና የሚጠባ ወተት አለ።

ሠራተኛዋ እናት ታዲያ ችግሯ የሚጀምረው ከሰዓት ሒሳብ ነው። ስምንት ሰዓት ሥራ፣ አንድ ሰዓት ምሳ፣ ጧትና ማታ የታክሲ ሰልፍ ሲደማመር ከልጇ የምትለየው ለአሥር ወይም ለአሥራ አንድ ሰዓት ነው። በቤት ሳለች በዚያ ጊዜ ውስጥ ሦስትና አራት ጊዜ ታጠባ ነበር። አሁን አንድም ጊዜ የለም። ጡቱ ምክንያቱን አያውቅም፤ የሚያውቀው ፈላጊ መቅረቱን ብቻ ነው፤ በዚያው ልክ ሥራውን ይቀንሳል።

የወሊድ ፈቃዷ ዘጠና ቀን ያለቀው በሕግ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይሰጣታል። ከእሱ በፊት የነበረው አዋጅ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 60 ቀን ስለነበር መሻሻሉ የሚናቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ሕፃን ስድስት ወር እስኪሞላው ከእናቱ ጡት በቀር ውኃም ቢሆን እንዳይቀምስ፣ ከዚያም ከምግብ ጋር እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲጠባ ይመክራል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው። በሕጉና በምክሩ መካከል ሦስት ወር ይጎድላል። የዓመት ፈቃዷን ሳትነካ ያቆየች እናት ጥቂት ሳምንት ትጨምርበታለች፤ አዋጁ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሚሰጠው 16 የሥራ ቀን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ይህን ክፍተት በቁጥር ያሳያል። ሁለት ወር ካልሞላቸው ሕፃናት 74 በመቶው ጡት ብቻ ይጠባሉ። ከሁለት እስከ ሦስት ወር ከሆናቸው 64 በመቶ ይሆናሉ። አራትና አምስት ወር በሆናቸው ላይ ቁጥሩ ወደ 36 በመቶ ያሽቆለቁላል። ይህን ሁሉ በቢሮ ሥራ ማሳበብ አይቻልም። አብዛኞቹ እናቶች የገጠር ናቸው፤ እርሻ፣ ገበያና ውኃ መቅዳት የወሊድ ፈቃድ አያውቁም፤ ለሕፃን ውኃና የላም ወተት ማስቀመስም የቆየ ልማድ ነው። የከተማዋ ደመወዝተኛ ግን ወደ ሥራ የምትመለሰው ልክ ቁጥሩ በሚወርድበት ወር ላይ ነው።

መፍትሔው ልጁ በሌለበት ሰዓት የልጁን ሥራ የሚሠራ ነገር ማግኘት ነው፤ ማለብ። ቃሉ ብዙ ሴቶችን ያሳፍራል። «እንደ ላም ታለብኩ» እያሉ በራሳቸው የሚስቁ አሉ፣ ከባል ፊት የሚደበቁም አሉ። የሰው ዓይን ያየብኛል ብላ የምትፈራም አትጠፋም። ጤና ጣቢያ ያለች አዋላጅ ነርስ ስታሳይ ግን ነገሩ ቀላልና ሥርዓት ያለው ነው።

መጀመሪያ እጅ በሳሙና ይታጠባል። ንጹሕ ሰፋ ያለ ኩባያ ይቀርባል። በሞቀ ፎጣ ጡቱን ያዝ አድርጎ በመዳፍ ዙሪያውን ማሸት ወተቱን ያነቃቃዋል። ከዚያ አውራ ጣት ከላይ፣ ጠቋሚና መሃል ጣት ከታች፣ ከጫፉ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ርቀው ይቀመጣሉ። ጣቶቹ አስቀድመው ወደ ደረት መለስ ብለው ይጫናሉ፣ ቀጥሎ እርስ በርስ ይቀራረባሉ፣ ከዚያ ይላላሉ። መጫን፣ ማቀራረብ፣ ማላላት። ጣት ቆዳው ላይ አይንሸራተትም፣ ጫፉም አይጎተትም፤ ካመመ አያያዙ ልክ አይደለም። የመጀመሪያው ደቂቃ ተስፋ ያስቆርጣል፤ ምንም አይወጣም። ቀጥሎ ጠብ ጠብ ይላል። ትንሽ ቆይቶ በቀጭኑ በሁለት በሦስት አቅጣጫ ይፈናጠቃል፤ ብዙ እናት በራሷ ጡት የምትገረመው እዚህ ላይ ነው። ፍሰቱ ሲቀንስ ጣቶቹን በዙሪያው ማዘዋወር፣ ከዚያ ወደ ሌላኛው ጡት፣ ከዚያ እንደገና ወደ መጀመሪያው። ሁሉም በሁሉ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል።

ፓምፕ ያላት ጊዜ ታተርፋለች። ፋርማሲ ውስጥ በእጅ የሚሠራውም በኤሌክትሪክ የሚሠራውም ይገኛል፤ ጫፉ የሚገባበት ቀፎ መጠኑ ካልሆነ ግን ያቆስላል፣ ወተቱንም ይቀንሳል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ሐኪም ጄን ሞርተንና ባልደረቦቿ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት እናቶችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳተሙት፣ ፓምፑ እየሳበ ሳለ ጡቱን በእጅ የሚያሹና በመጨረሻም የቀረውን በእጅ የሚያልቡ እናቶች የወተት መጠናቸው ጨምሯል። መሣሪያው ብቻውን ጡትን በደንብ አያራግፍም፤ እጅ ያስፈልገዋል።

ልጅን ማሰብም ይረዳል ሲባል ማጽናኛ የሚመስላቸው አሉ። ምክሩ ግን ምክንያት አለው፤ ኦክሲቶሲን በድንጋጤና በውጥረት ይያዛል፤ በር ሲንኳኳ፣ አለቃ ሲጣራ ወተቱ እምቢ ይላል። በስልክ የተቀረጸ የልጁ ድምፅ፣ ፎቶው፣ ሽታው ያለበት ልብስ ደግሞ ያላላዋል።

ጊዜው ከተገኘ ዕለቱ እንዲህ ሊደራጅ ይችላል። ከቤት ከመውጣቷ በፊት ታጠባለች፤ ረፋድ ላይ፣ በምሳ ሰዓትና ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ታልባለች፤ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ታጠባለች። ሦስቱ ካልተቻለ ሁለት ጊዜ ጥሩ ነው፤ አንድ ጊዜም ከምንም በእጅጉ ይሻላል። «የዋለ ወተት ነው፣ ይደፋ» የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። ጡት ውስጥ የዋለ ወተት አይበላሽም፤ ማታ ልጁ ይጥባው። ሌሊቱንም አለማባከን ነው። የአውስትራሊያው ጥናት እንዳሳየው ሕፃናቱ በ24 ሰዓት ከሚወስዱት ወተት አንድ አምስተኛው ገደማ የሚገኘው ከሌሊት ጥቢ ነው፤ ፕሮላክቲንም ሌሊት ከፍ ይላል። ቀን እናቱን ያጣ ሕፃን ሌሊት ደጋግሞ መንቃቱ ያደክማል እንጂ ክፋት የለውም፤ ቀን የጎደለበትን እያካካሰ ነው። ቅዳሜና እሑድ ጡጦው ቁም ሣጥን ይግባ።

ወደ አጥሚቱ እንመለስ፤ የአራስ ወግን ማጣጣል አይገባምና። አጥሚትና ገንፎ ኃይል ይሰጣሉ፤ ጡት ብቻ የምታጠባ ሴት በቀን ወደ 500 ካሎሪ ገደማ ተጨማሪ ያስፈልጋታል። ከወተት 87 በመቶው ገደማ ውኃ ነው፤ ሆኖም ከጥሟ በላይ በመጠጣት ወተት እንደሚጨምር የሚያሳምን ማስረጃ የለም። ጥሟን መቁረጥ ይበቃል። ጾም ላይ ከሆነች ሽሮ፣ ምስር፣ ሱፍና ተልባ ገበታዋን ይሞላሉ፤ እህል ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱን ግን ከንስሐ አባቷ ጋር ብትነጋገርበት ይሻላል።

አብሽ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የጥናት ገምጋሚ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2020 ወተት ያበዛሉ በሚባሉ ዕፀዋትና መድኃኒቶች ላይ የተሠሩ 41 ጥናቶችን አሰባስቦ መርምሯል፤ ቢያንስ ከ17 አገሮች የተውጣጡ 3,005 እናቶችን የሚመለከቱ ናቸው። አብሽና መሰሎቹ ወተት ሳይጨምሩ አይቀሩም፤ ማስረጃው ግን እጅግ ደካማ ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ደርሷል። ስለዚህ አብሽ የምትወድ ትጠጣ። የስኳር ሕመምተኛዋ ግን አብሽ የደም ስኳርን እንደሚያወርድ ትወቅ፤ ዋርፋሪን የምትወስድ ሐኪሟን ሳትጠይቅ አትጀምር፤ ለኦቾሎኒ ወይም ለሽምብራ አለርጂ ያለባትም ትጠንቀቅ፣ ከአንድ የዕፅ ቤተሰብ ናቸውና። ጠላና ቢራ ወተት ያበዛሉ የሚለው ግን ከእውነቱ ተቃራኒ ነው። በፊላዴልፊያ ሞኔል ማዕከል ጁሊ ሜኔላ ባደረገቻቸው ጥናቶች እናቶቹ አልኮል ከጠጡ በኋላ ባሉት ሰዓታት ሕፃናቱ የወሰዱት ወተት ቀንሶ ተገኝቷል።

ሳይታሰብ ወተት የሚቀንሱ መድኃኒቶችም አሉ። አፍንጫ ለመክፈት በአንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥ የሚገባው ሱዶኤፌድሪን አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ አነስተኛ ጥናት አንድ ጊዜ ብቻ የተወሰደ መጠን የቀኑን ወተት በ24 በመቶ ቀንሶታል። ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልም ሊያሳንሰው ይችላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአጥቢ እናት እስከ ስድስት ወር ባይሰጥ ይላል። የሦስት ወሩ መርፌና በክንድ የሚቀበረው ዘዴ ኤስትሮጅን የላቸውም። ወተት ያበዛሉ ተብለው በጓሮ የሚነገርላቸው ኪኒኖችም ዋጋቸው ቀላል አይደለም። ዶምፔሪዶን የልብ ምትን ሊያዛባ ስለሚችል የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 አስጠንቅቆበታል፤ ሜቶክሎፕራሚድ ደግሞ ድብርት ሊያመጣ ይችላል። ያለ ሐኪም የሚነኩ አይደሉም።

የታለበው ወተት ቤት ሲደርስ ሥራው የሞግዚቷ ወይም የአያትየዋ ነው። ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል ውስጥ አራት ሰዓት ይቆያል፤ የአዲስ አበባ አየር ለዚህ ይመቻል፣ የድሬዳዋና የሰመራ ግን አይመችም። በረዶ ባለበት ትንሽ ቦርሳ አንድ ቀን፣ ፍሪጅ ውስጥ አራት ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ ወራት ይቆያል። መብራት ሲጠፋ የፍሪጁን በር አለመክፈት ነው። ሲፈለግ ኩባያውን ሙቅ ውኃ ውስጥ አስቀምጦ ለብ ማድረግ እንጂ ምድጃ ላይ መጣድ አያስፈልግም። ቅባቱ ተለይቶ ከላይ ቢንሳፈፍ ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ቀስ ብሎ ማወዛወዝ ይበቃል። ልጁ ጀምሮት የተረፈው ከሁለት ሰዓት በኋላ ይደፋል። መጠኑን ለመገመት እናቱ በማትኖርበት በየሰዓቱ 30 ሚሊ ሊትር ማሰብ ነው፤ ለአሥር ሰዓት ሦስት መቶ ገደማ። ከጡጦ ይልቅ በሲኒ ማጠጣት ይመረጣል፤ ለማጠብ ይቀላል፣ ጡቱንም አያስረሳውም። አያቶች «ትን ይለዋል» ብለው ይሰጋሉ። ልጁ ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ ሲኒው ከከንፈሩ ጋር ተነካክቶ፣ ወተቱን ራሱ እንዲልሰው ከተተወ ግን ሕፃናት በደንብ ይችሉታል።

ይህ ሁሉ ምክር ግን ረፋድ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የገንዘብ ሳጥን ፊት ለፊት ይቆማል። አዋጅ ቁጥር 1156 ለማጥባት ወይም ለማለብ የተለየ የዕረፍት ጊዜ አይደነግግም። በ2010 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች እናቶች የሚያጠቡበትና ሕፃናቱን የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር፤ የግሉን ዘርፍ ግን አይመለከትም ነበር። በ2008 እንደተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባሉ፣ በርካታ ወጣት ሴቶች በመስመር በሚሰፉባቸው ቦታዎች አንዷ ስትነሳ የቀጣይዋ እጅ ባዶ ይሆናል። ተቆጣጣሪው በክፋት ላይሆን ይችላል፤ መስመሩ ግን ለሃያ ደቂቃ ቦታ አልተወም።

ጎረቤት ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው የጤና ሕግ አሠሪዎች የማጥቢያና የማለቢያ ክፍል እንዲያዘጋጁ አዛለች፤ በስምንት የሥራ ሰዓት ውስጥ በድምሩ እስከ አንድ ሰዓት የሚደርስ ዕረፍትም ፈቅዳለች። አሜሪካ በፌዴራል ደረጃ ደመወዝ ያለው የወሊድ ፈቃድ የላትም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የተፈረመው ሕግ ከወሊድ በኋላ ለአንድ ዓመት የማለቢያ ጊዜና ከሰው ዓይን የተከለለ ቦታ ያስገድዳል፤ መጸዳጃ ቤት ቦታ ተብሎ እንደማይቆጠር በግልጽ ይናገራል። በዋሺንግተን አካባቢ በሆስፒታልና በፓርኪንግ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያት እናቶች ይህን መብታቸውን አውቀው ሊጠይቁ ይገባል። በእኛ አገር ሕጉ እስኪመጣ መጠበቅ ግዴታ አይደለም። የሠራተኛ ማኅበር ያለበት ድርጅት በኅብረት ስምምነት ሊያስገባው ይችላል፤ ማኅበር የሌለበትም በአንድ የውስጥ መመሪያ ይፈታዋል። የሚጠየቀው ከውስጥ የሚቆለፍ ጠባብ ክፍል፣ ወንበር፣ ሶኬትና የእጅ መታጠቢያ ነው። በየቅርንጫፉ ለሻይ ቤት የሚሆን ቦታ የማያጣ ድርጅት ይህን አጣሁ ቢል አይታመንም።

አንዳንዴ ወተት በእርግጥ ያንሳል። ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም የፈሰሳት፣ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ የቀረባት፣ የታይሮይድ ችግር ያለባት ወይም ጡቷ ላይ ቀዶ ጥገና የተደረገላት እናት በማለብ ብቻ ላይሳካላት ይችላል። መለኪያው የጡቱ መለስለስ ወይም የልጁ ማልቀስ አይደለም። በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ዳይፐር የሚያረጥብና ክብደቱ በካርዱ ላይ የሚጨምር ሕፃን ወተት አልጎደለበትም። ዳይፐሩ ደርቆ ከዋለ፣ ክብደቱ ከቆመ ወይም ልጁ ለመጥባት እየዛለ ካስቸገረ የዚያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። የእናትየዋ ጡት ቀልቶ፣ ጠጥሮ ትኩሳት ካመጣም እንዲሁ፤ ማጥባቱ ግን አይቋረጥም። ፎርሙላ ያስፈለጋት እናት ደግሞ የምትወቀስበት ምክንያት የለም፤ የምትሰጠውን ያህል ጡቷን እየሰጠች የጎደለውን ትሙላ።

የወሊድ ፈቃዷ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት የቀራት እናት ዛሬ የምትጀምራቸው ሥራዎች አሉ። ጧት ካጠባች በኋላ የቀረውን ታልብና በትንሽ በትንሹ ፍሪዘር ውስጥ ታኑር። ልጁን የሚይዘው ሰው እሷ በሌለችበት ክፍል በሲኒ ማጠጣት ይለማመድ። ወደ መሥሪያ ቤቷም ከመመለሷ በፊት ለሰው ሀብት ክፍሉ በጽሑፍ ታመልክት፤ ረፋድና ከሰዓት ሃያ ሃያ ደቂቃ፣ አንድ ቁልፍ ያለው ክፍል። ደብዳቤው የሚደርሳችሁ ኃላፊዎች መልሱን ዘጠና አንደኛው ቀን ሳይደርስ ስጧት።